የአስታማሚ ባል ድርሻ

በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። ሚስቶቻቸውን ይዘው ከክፍለ ሀገር ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሚመጡት ባሎች ብዙዎቹ ማስታመምን የሚማሩት እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ውጤት የያዘ ፌስታል ታቅፈው ነው።

ኬሞቴራፒ ብዙውን ጊዜ በ21 ቀን አንዴ ይሰጣል። ነጭ የደም ሴል በጣም የሚወርደው ግን መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ክትፎ የለም፣ ጥሬ ሰላጣ የለም። ጉንፋን የያዘውን ጠያቂ ከደጅ መመለስ የባል ድርሻ ነው፤ በእኛ አገር ይህ ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል! የሚስቱ ሙቀት 38 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ሕክምናው ሲያልቅ ዘመድ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ብሎ ይበተናል። ድካሙ ግን ለወራት ሊቆይ፣ በቀዶ ሕክምናው በኩል ያለው ክንድም ሊያብጥ ይችላል። ለዚያ ክንድ ቃጠሎ አደጋ ነውና እንጀራውን እሱ ይጋግር።