ስለ ዩኤስቢ ጥዝታና ስለ አሮጌዎቹ ካሴቶች

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ኤሌክትሪክ ሊጽፍ ብዕር ሲያነሣ የምሕንድስና ተማሪዎች የሆኑት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ፤ ከነርሱ ጠይቀን የተማርነው ብዙ ስለ ሆነ ፈገግታቸውን በደስታ እንቀበላለን። ነገር ግን ጉዳዩ ወደኛ ሰፈር የመጣው በራሱ እግር ነው እንጂ እኛ አልጠራነውም።

አመጣጡም እንዲህ ነው። ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን ከየቤተ ሰባችን ሣጥን የተገኙ የድሮ ካሴቶችን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ጀምረናል። በነዚህ ካሴቶች ውስጥ የሠርግ ዘፈን አለ፤ ሙሾ አለ፤ ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሰሙት የመሬት ሙግት አለ፤ ልጅ ከውጭ አገር ሆኖ ማንበብ ለማይችሉ እናቱ በድምፁ የላከው ደብዳቤ አለ። ከተናጋሪዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጥብጣቡም ቢሆን አርጅቷል፤ አንዳንዱ አንድ ጊዜ ከዞረ በኋላ ሁለተኛ ለመዞር አቅም የለውም። እንግዲህ በዚያች በአንዲት ዙር ጊዜ ኮምፒዩተሩ ምን ሰማ የሚለው ጥያቄ የቀልድ ጥያቄ አይደለም።

የሰማውንማ እኛም ሰማነው። ማዳመጫውን በጆሯችን ላይ አድርገን፥ ካሴቱ ገና ባዶውን ሲዞር፥ ሁለት እንግዶች ተቀበሉን፤ አንዱ ወፍራም ጉርምርምታ፥ ሁለተኛው ቀጭን ፉጨት። ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ፉጨቱ ነበር። ማውሱን ስናንቀሳቅስ እርሱም ይንቀሳቀሳል፤ አንድ መስኮት ስንከፍት ዜማውን ይለውጣል። ኮምፒዩተሩ የሚያስበውን በጆሯችን ሰማነው ብንል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

«ቃሉ እስከ ተሰማ ድረስ ጥዝታው ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ለሙዚቃ አድማጭ ጥዝታ የደስታ መቀነስ ነው፤ ለኛ ግን የትርጉም ነገር ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ለይቶ አይጽፍም፤ «ይመታል» ብለን ስንጽፍ መቺውም ተመቺውም አንድ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። የሚለያቸው አንደበት ብቻ ነው። «መ» እና «ታ» ሲላሉ ሰውዬው ዱላ አንሺ ነው፤ ሲጠብቁ ዱላው የሚያርፈው በርሱ ላይ ነው። «ታ» ስትጠብቅ ደግሞ ምላስ የአፍን መንገድ ዘግታ ለጥቂት ቅጽበት ትቆያለች፤ ያች ቆይታ ዝምታ ናት። ጥዝታም ደልቶት የሚኖረው በዝምታ ውስጥ ነው። ሽማግሌው ደክሟቸው ድምፃቸውን ዝቅ ባደረጉበት፥ ጥብጣቡም በሳሳበት ቦታ ላይ ያችን ዝምታ ፉጨት ከሞላት፥ በሙግቱ ውስጥ መቺው ማን ተመቺው ማን እንደ ሆነ መለየት ወደ ግምት ይወርዳል።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ዩኤስቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ብልኃቱ ወሬንና ቀለብን በአንድ ገመድ ማምጣቱ ነበር። በዚያ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ወሬ ያመላልሳሉ፤ ሦስተኛው 5 ቮልት ያመጣል፤ አራተኛው የሄደውን ኮረንቲ ይመልሳል። ይህን አራተኛውን ባለሙያዎች እንደ ዜሮ ይቆጥሩታል፤ የድምፁ ከፍታና ዝቅታ የሚለካው ከርሱ ተነሥቶ ነውና። ቀለቡም የሚናቅ አይደለም፤ የተለመደው የዩኤስቢ ቀዳዳ እስከ 500 ሚሊአምፔር፥ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሦስተኛው ዩኤስቢ ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። የድምፅ ካርዳችን ከዚህ ይጠጣል፤ ማውሱም ዲስኩም ከዚሁ ይጠጣሉ። በአንድ ቧንቧ የሚኖር ሰፈር እንደ ማለት ነው፤ ጎረቤት ልብስ ማጠብ ሲጀምር የኛ ውሃ ይቀጥናል።

ደግሞም ያ 5 ቮልት የሚገኘው ከፍ ያለውን ቮልት በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ በመክፈትና በመዝጋት ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20,000 ንዝረት በላይ ስለማይሰማ ይህ መክፈትና መዝጋት እርሱ ራሱ አይሰማም። የሚሰማው የሥራው መዋዠቅ ነው። ኮምፒዩተሩና ካርዱ በሰከንድ 1,000 ጊዜ፥ በፈጣኑ ዩኤስቢ 8,000 ጊዜ በቀጠሮ ይገናኛሉ፤ በየቀጠሮውም ኮረንቲው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም ቍጥሮች በጆሯችን ክልል ውስጥ ናቸው። ቀጭኑ ፉጨት እንግዲህ ከዚህ የተወለደ ነው።

በደኅና የተሠራ ካርድ 5 ቮልቱን በሆዱ ውስጥ አጣርቶ ይጠቀማል። ዋናው አስቸጋሪ ዜሮው ነው። ካሴት ማጫወቻው በራሱ ገመድ ከግድግዳው ኮረንቲ ይወስዳል፤ ላፕቶፑም በቻርጀሩ ከዚያው ከግድግዳው ይወስዳል፤ ሁለቱን በድምፅ ገመድ ስናያይዛቸው ነገሩ ቀለበት ይሆናል። በቀለበቱ የሚዞረው ኮረንቲ በድምፅ ገመዱ ዜሮ ሽቦ ላይ ስለሚያልፍ፥ ምስኪኑ ካርድ እርሱንም ከሙሾው ጋር አብሮ ይለካዋል። ካርዱ ሙሾን ከጉርምርምታ የሚለይበት ምንም ዘዴ የለውም።

እዚህ ላይ የቤታችን ኮረንቲ ጠባይ ይጨመርበታል። በአገራችን የግድግዳው ኮረንቲ 220 ቮልት፥ በሰከንድም 50 ዙር ነው። ብዙው የላፕቶፕ ቻርጀር ሦስተኛው እግሩ ለመሬት ሽቦ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ስንቱ የኪራይ ክፍል ነው የመሬት ሽቦ ያለው? ሶኬቱ ቢኖረውም እንኳ በመካከል የምንሰካው ርካሽ አዳፕተር ያንን እግር የትም ሳያደርሰው ይቀራል። በቻርጀሩ ውስጥ ጥዝታን እንዲያስወግዱ የተቀመጡ ትናንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ መሬቱን ሲያጡ ጥቂት ኮረንቲ ወደ ላፕቶፑ ገላ ያሳልፋሉ። የብረት ገላ ያለውን ላፕቶፕ በክንዳችን ስንዳስስ ሽው ብሎ የሚነዝረን ይኸው ነው። በመለኪያ ሲያዩት ከ220ው ግማሹን ያህል ያሳያል፤ ቻርጀሩ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ግን መጠኑ ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ስለ ሆነ ሰው አይጥልም። ሰው ባይጥልም ሙሾ ይጥላል፤ መውጫ ፍለጋ በዩኤስቢው ዜሮና በድምፅ ገመዱ አድርጎ ወደ ማጫወቻው ይጓዛልና።

መድኃኒቱን ፍለጋ ወደ መርካቶ ከመሮጥ በፊት መንቀል ይበጃል። እኛ መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቀልን፤ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ሲሠራ ጉርምርምታው በአንድ ጊዜ ጠፋ። ቀጥለን ማጫወቻውን ከግድግዳው ነቅለን በባትሪ ድንጋይ አስኬድነው፤ ቀለበቱ ተበጠሰ፥ ፉጨቱም እጅግ ሳሳ። ከዚያ በኋላ ማውሱንና ትርፍ ዲስኩን አስወጥተን ካርዱን ብቻውን አበላነው። በመጨረሻም የማጫወቻውን ድምፅ ከፍ፥ የካርዱን መቀበያ ዝቅ አደረግን። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ነገር ግን ከገመዱ የሚገባው ድምፅ ብርቱ ሲሆን ካርዱ አጉልቶ ሊሰማው ስለማይገደድ ጥዝታውንም አያጎላውም። እስከዚህ ድረስ ከኪሳችን የወጣው የባትሪ ድንጋዩ ዋጋ ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ አንድ የሚያስቅ ነገር ደረሰብን። መብራት በጠፋ ቍጥር የሚማረረው የግቢያችን ሕዝብ መካከል የሚደሰቱ ሰዎች ቢኖሩ እኛ ብቻ ነን። መብራት ሲጠፋ ቻርጀር የሚሰካ የለም፤ የመኝታ ክፍሉ ራዲዮና ቴሌቪዥን ዝም ይላል፤ ካሴቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ደስታችን የጎረቤቱ ጀነሬተር እስኪነሣ ድረስ ነው።

ባትሪው ግን ያልቃል፤ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራም በርሱ ላይ አይጣልም። ለዚህ አንድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ማግለያ የሚባል ትንሽ ሣጥን አውሶናል። በውስጡ አናሎግ ዲቫይስስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤዲዩኤም 4160 የተሰኘ ቺፕ አለ፤ ወሬውን በሽቦ ሳይሆን በደቃቅ ጥቅልሎች መካከል በመግነጢስ ኃይል ያሻግረዋል። ስለዚህ ወሬው ሲያልፍ የኮምፒዩተሩ ዜሮ ከካርዱ ዜሮ ጋር አይነካካም። ችሎታው በሰከንድ 12 ሚሊዮን ቢት ብቻ ነው፤ ለፈጣን መሣሪያ አይበቃም፤ ለኛ ሥራ ግን ይተርፋል። በሁለት መስመር፥ በ16 ቢት፥ በሰከንድ 48,000 ናሙና ስንቀዳ የሚያስፈልገው 1,536,000 ቢት ነውና። እንከንም አለው፤ ማዶ ላለው ካርድ አዲስ 5 ቮልት መሥራት ስላለበት የሚሠራውም በዚያው በመክፈትና በመዝጋት ስልት ነው፤ መጥፎ ሆኖ የተሠራ ማግለያ የራሱን ፉጨት ይዞ ይመጣል። ማግለያ ያላገኘ ሰው በድምፅ ገመዱ መካከል አንድ ለአንድ የተጠቀለለ የድምፅ ትራንስፎርመር ቢያስገባ ቀለበቱን ይበጥስለታል፤ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ርካሹ ግን ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ ያሳሳዋል። ከበሮ ለሚቀዳ ይህ ያሳስባል፤ ለሽማግሌ ንግግር አያሳስብም።

የራሱ ኃይል ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ለ5 ቮልቱ መዋዠቅ ይረዳል፤ ዜሮውን ግን አይለይም። አንድ ባለሱቅም ወርቅ የተቀባ የዩኤስቢ ገመድ አውጥቶ «ይህን ካደረጋችሁ ሌላው ሁሉ ይቀራል» ብሎ ሊያሳምነን ደክሟል። ለሙከራ አሲዘን ወስደን ከተራው ገመድ ጋር አስተያየነው፤ ፉጨቱ በወርቁም በነሐሱም እኩል አለፈ። ወፍራምና አጭር ገመድ ጥቂት ይረዳል፤ ወርቁ የጫፉን ዝገት ከመከላከል በቀር ሌላ ሥራ የለውም። በገመድ ላይ የምትጠለቀውም ጥቁር ቀለበት፥ ፌራይት የሚሏት፥ የምትይዘው የራዲዮ ሞገድን እንጂ በሰከንድ 1,000 የሚነዝረውን ፉጨት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ምክር ግን የቻርጀሩን የመሬት እግር ቈርጦ መጣል ነው። ጉርምርምታው አንዳንድ ጊዜ በርግጥ ይጠፋል። ቻርጀሩ አንድ ቀን በውስጡ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን 220ው ቮልት የሚወርድበትን መንገድ አጥቶ የላፕቶፑን ገላ ይዞ ይጠብቃል። ይህን የሚመክር ሰው የሚያዳምጠው ጥሩ ካሴት ስለሌለው ይሆናል።

«በኋላ በፕሮግራም ይጠራል» ለሚሉትም መልስ አለን። ፕሮግራሙ የጥዝታውን መልክ ተምሮ ከድምፁ ላይ ይቀንሳል፤ ሲበዛበት ግን «ሰ» እና «ሸ» ይደክማሉ፥ ተናጋሪውም ከጉድጓድ ውሃ ውስጥ የሚጣራ ይመስላል። ቀጥ ያለውን የ1,000 ፉጨት ነጥሎ መቈረጥ ይቻላል፤ እኛም በአንድ ሁለት ካሴት ላይ አድርገነዋል። ያልታጠበውን ቅጂ ግን ሳንነካ አስቀምጠናል፤ ከኛ በኋላ የሚመጣ ሰው የተሻለ ማጠቢያ ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

እስካሁን ያስገባነው ከሣጥናችን ግማሹን እንኳ አይሆንም። በቤቱ ካሴት ያለው ተማሪ ለበዓል ሲሄድ ይዞ ቢመለስ፥ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ማጫወቻ ያለውም ቢያውሰን ሥራው ይፋጠናል። ድንጋዩ ግን አዲስ ይሁን፤ የደከመ ድንጋይ ጥብጣቡን ያዘገየዋል፤ ባለፈው ወር አንዲት ሙሾ አውራጅ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ የወንድ ድምፅ አውጥታ ስላስደነገጠችን ካሴቱን ጠግነን እንደገና ልንሞክር ተዘጋጅተናል።