የተቆረጠው ምስክር

ልጅቱ አባቷን «አማማ» ብላ ትጠራዋለች። «አባባ በዪ» ሲሏት ከንፈሯን ገጥማ ትሞክራለች፤ ትንፋሿ ግን በአፍንጫዋ ያመልጥና «ባ» የተባለው «ማ» ሆኖ ይሰማል። ዳቦም «ናሞ» ነው። ጎረቤት ይስቃል፤ አያቷ «ቀስ ብሎ ይስተካከላል» ይላሉ። አራት ዓመቷ ነው። ከንፈሯ እንከን የለውም፤ ያያት ሁሉ መልኳን ያደንቃል። በአንድ ጤና ጣቢያ ጉሮሮዋ በባትሪ ታይቶ «ምንም የለባትም» ተብላ ተመልሳለች።

እናቷ ግን የማትረሳው ነገር አለ። ልጅቱ በተወለደች ሰሞን ስትጠባ ትን ይላት፣ ወተቱም በአፍንጫዋ ይመለስ ነበር። ያን ጊዜ «እንጥሏ ወርዶ ነው» ተባለ፤ እንጥል ቆራጭ ተጠርታም ቆረጠቻት። ያስቆረጧት ክፉዎች አልነበሩም፤ ከማንም አብልጠው የሚወዷት ነበሩ።

ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደን ሕፃን ሐኪም ሳያየው አዋላጇ ታውቀዋለች። ቤተሰቡ እርግማን ነው ብሎ ሊሸሽገው ይችል ይሆናል እንጂ ችግሩን አላየሁም ሊል አይችልም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየካቲት 12 ሆስፒታል እንደሚደረገው ያለ የቀዶ ሕክምና መኖሩን የሰማ ወላጅም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። የሚያሳዝነው የተሰወረው ስንጥቅ ነው። ላንቃ ከግራና ከቀኝ የሚመጡ ሁለት ክፍሎች መሐል ላይ ተጋጥመው የሚሠሩት የአፍ ጣሪያ ሲሆን፣ ግጥሚያው በ12ኛው የፅንስ ሳምንት ገደማ ይጠናቀቃል። አንዳንዴ ግን ላይ ያለው ስስ ሽፋን ይገጥምና ከሥሩ ያለው ጡንቻ ሳይገናኝ ይቀራል። አፍ አስከፍቶ ለተመለከተ ሰው ላንቃው ሙሉ ነው። ጡንቻው ግን ወደ አፍንጫ የሚወስደውን በር መዝጋት ይሳነዋል፤ በልጅነት ወተት፣ በኋላም ድምፅ በዚያ ያመልጣል።

ካልናን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 ይህን ስውር ስንጥቅ የሚያጋልጡ ሦስት ምልክቶችን በአንድነት ጻፈ፦ ጫፉ ለሁለት የተከፈለ እንጥል፣ በላንቃው መሐል ብርሃን የሚያሳልፍ ገርጣ ያለ መስመር፣ በጠንካራው ላንቃ የኋላ ጠርዝ ላይ በጣት የሚዳሰስ ክፍተት። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያሻም፤ ባትሪ፣ የምላስ መጫኛና ንጹሕ ጣት ይበቃሉ። ከሦስቱ ለዓይን የሚቀለው እንጥሉ ነው። እርግጥ ነው፣ እንጥሉ የተከፈለ ሁሉ ችግር አለበት ማለት አይደለም፤ ስውር ስንጥቅ ኖሮባቸው ጥርት አድርገው የሚናገሩም አሉ፤ እነርሱን ማንም አያክማቸውም።

ነገሩ የሚያንገበግበው እዚህ ላይ ነው። ወተቱ በአፍንጫ የተመለሰው ላንቃው ስላልተገናኘ ነው፤ እንጥሉ የተቆረጠው ደግሞ ወተቱ ስለተመለሰ ነው። ስለቱ ሕመሙን ሳይነካ ምስክሩን ወሰደ። እንጥል ማስቆረጥ እንደሚያደማና ቁስሉ እንደሚያመረቅዝ ብዙ ተነግሯል፤ የምርመራ ማስረጃ እንደሚያጠፋ ግን እምብዛም አይነሳም። የልጅቱ እንጥል የተከፈለ ይሁን አይሁን ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም።

በኋላ ያገኘቻት ሐኪም መጀመሪያ አፏን አላየችም፤ እናትየውን «ስትጠባ ወተቱ በየት ይወጣ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ቀጥላ ትንሽ መስታወት ከልጅቱ አፍንጫ ሥር ይዛ «ባባባ» አስባለቻት፤ መስታወቱ ጉም ለበሰ። በመጨረሻ በትንሿ ጣቷ ላንቃዋን ዳሰሰች፤ ክፍተቱ በቦታው ነበር። ላንቃቸው በግልጽ በተሰነጠቀ ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ በ6 ወራቸው የተሰፉት በ12 ወራቸው ከተሰፉት ይልቅ በአምስት ዓመታቸው የንግግር ትንፋሻቸውን በተሻለ እንደሚቆጣጠሩ አሳይቷል። ይህች ልጅ አራት ዓመት አልፏታል። ቢሆንም ቀዶ ሕክምናና የንግግር ልምምድ አልመሸባትም።

እናት ቤቷ ገብታ የሁለት ወር ወንዷን አቀፈች፤ ሲያለቅስ ጠብቃም በስልኳ ብርሃን አፉን ተመለከተች። ከዚያ ለቅዳሜ ለተቀጠረችው እንጥል ቆራጭ እንዳትመጣ ላከችባት።