አንድ ቁራጭ ሐላዋ፣ አንድ ዙር ጀጎል

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። ነገር ግን ሚኒባሱ የድሬን ሙቀት ከታች ትቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ መውጣት ሲጀምር ሰው ወደ ሌላ አገር የሚሻገር ይመስለዋል። በመስኮት የሚገባው አየር ይቀዘቅዛል፤ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ሐሮማያ ታልፎ አወዳይ ሲደረስ የጫት ገበያው ግርግር መኪናውን ሁሉ ያዘገየዋል። ከዚያ በኋላ ሐረር ሩቅ አይደለችም።

በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በዚህ መንገድ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የላቦራቶሪ ወረቀትና አንድ ትንሽ ደብተር ይዤ ነበር። ወረቀቱ በባዶ ሆድ የተለካው የደም ስኳሬ 118 መሆኑን ይናገራል። ከ100 በታች ቢሆን ደኅና ነበር፤ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና ደግሞ የስኳር ሕመም ይባላል። እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ በራፉ ላይ ቆሜ ገና ያልገባሁ። ለ37 ዓመት በነርስነት ስሠራ ይህን ቁጥር ለስንት ሰው እንደነገርኩ እግዚአብሔር ይወቀው፤ ለራስ ሲነገር ግን ሌላ ነው። ደብተሩ የካሎሪ ደብተሬ ነው። በቀን 1,600 ካሎሪ እንዳላልፍ ተመክሬ የምበላውን ሁሉ እጽፋለሁ። የልጅ ልጄ «አያቴ እንደገና ሒሳብ ተማሪ ሆነች» እያለ ይስቅብኛል።

የሄድኩት ሹዋሊድን ለማየት ነው። ሐረሪዎች ከረመዳን በኋላ በሸዋል ወር የሚጾሙትን ስድስት ቀን ሲጨርሱ የሚያከብሩት በዓል ነው፤ በኋላም ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በዚያ ዓመት የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ኢድ ደግሞ ሚያዝያ 13 ስለዋለ ጋባዤም እኔም ጾማችንን ጨርሰን፣ ቅቤ የማይከለከልበት ጊዜ ላይ ተገናኘን። ይህ እንግዲህ ለካሎሪ ደብተር ክፉ ዜና ነው።

ጋባዤ አዋላጅ ነርስ ነበረች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አብረን ስንማር «ሲስተር» መባባል ጀምረን እስከ ዛሬ በስማችን ተጠራርተን አናውቅም። ቤቷ ጀጎል ውስጥ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ካሠሩት ግንብ ውስጥ ገብቶ ቤቷን ያለ ሰው እርዳታ ማግኘት ለኔ እስከ አሁን አልተቻለኝም። ከፈረስ መጋላ ተነስቼ በመኪና ግርግር ቁልቁል ወረድኩ፤ ስሙ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው ይላሉ፣ ልብስ ሰፊዎቹም ዛሬም ግድግዳ ተደግፈው እየሰፉ ነው። ከዚያ ግን ቀለም የተቀቡት ቀጫጭን መተላለፊያዎች እርስ በርስ ተመሳሰሉብኝና አንዲት ሕፃን እጄን ይዛ አደረሰችኝ።

የሐረሪ ቤት ገብታችሁ ካላያችሁ በቃላት ማስረዳት ያስቸግራል። ወለሉ ቀይ ነው። መቀመጫው ወንበር ሳይሆን ነደባ የሚሉት፣ ከፍታው የተለያየ መደብ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። ግድግዳው በስፌት ሥራ፣ በሳህንና በጎድጓዳ ዕቃ ተሞልቷል። አረፍ ብዬ ላይ ታቹን ሳይ ሲስተር ከጓዳ ብቅ ብላ «እዚያ አትጎለቺ፤ እጅሽን ታጠቢና ነይ፣ ላማስል ነው» አለችኝ።

ሐላዋ ልትሠራ ነበር። ሐረር ውስጥ ሐላዋ የሚሸጥበት ሱቅ ሞልቷል፤ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ሳይገዛ አይመለስም። እሷ ግን ለበዓል ራሷ ነው የምትሠራው። ምድጃው አጠገብ ቶሮንቶ ያለችው ልጇ የላከችላት ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ተቀምጧል። ሁሉንም ዕቃ እየመዘነች ታስጽፈኝ ጀመር፤ ስኳር 500 ግራም፣ ኮርን ፍላወር 150 ግራም፣ ያለ ቅመም የተነጠረ ቅቤ 200 ግራም፣ የተቆላ የባቢሌ ለውዝ 150 ግራም። ሄልና ትንሽ ገውዝ ለሽታ ይገባል፤ እሱ አይቆጠርም።

ስኳሩ በውሃ ይፈላል። ኮርን ፍላወሩ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ከዚያ በኋላ ያለው ክንድ ነው። የእንጨት ማማሰያዋን ይዛ ሳታቋርጥ ታማስላለች፤ ሲደክማት እኔ እቀበላለሁ። ነጭ የነበረው ውሃ ይጠጥርና ብርጭቆ መምሰል ይጀምራል። ቅቤው በማንኪያ በማንኪያ እየተጨመረ ይጠጣል፣ እንደገና ይጨመራል። አንድ ሰዓት ሊሞላው ሲል ሊጡ ከድስቱ ግድግዳ ተላቆ ባንድነት ይዞር ጀመር፤ ቅቤውንም ዳር ዳሩን መልሶ ተፋው። «ደረሰ» አለች። ለውዙን ጨምራ ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ገለበጠችው። ሽታው ከቤቱ አልፎ ጎረቤት ሳይደርስ አልቀረም፤ ወዲያው ሁለት ሕፃናት በር ላይ ቆሙ።

እኛ ማማሰያውን ስንቀባበል ስለ ባለቤቷ ነገረችኝ። ታሪኩን በሩቁ አውቀዋለሁ። ስኳር ሕመም ነበረበት፤ በ2008 ዓ.ም. እግሩ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ እግሩ ተቆረጠ፤ በ2011 አረፈ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሐላዋ አልሠራችም። «ሰው ሁሉ ‹ሐላዋሽ ነው የጨረሰው› የሚለኝ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። «እሱ ሐላዋ የሚበላው በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው፣ ሲስተር። ከምሳ በኋላ ጫቱ ላይ ሲቀመጥ ግን በየቀኑ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ፣ ከዚያ በፔርሙዝ ሻይ ከነስኳሩ። እሱን ማን ቆጠረው?»

ነርስ ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። የስኳር ሕመም በለስላሳ ብቻ አይመጣም፤ የዘር ውርስ አለ፣ ክብደት አለ፣ ዕድሜ አለ፣ መቀመጥ አለ። ሒሳቡ ግን ትክክል ነው። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2,000 ካሎሪ ለሚኖር ሰው የሚጨመር ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ይመክራል። ሰውዬው ሻዩን ሳይጀምሩ በሁለቱ ጠርሙስ ብቻ ጣሪያውን አልፈውታል፤ ያውም በየቀኑ።

አሁን የሚያስጨንቃት ደግሞ ሌላ ነው። ገና 38 ዓመት የሆነው ወንድ ልጇም ስኳር ተገኝቶበት ክኒን ጀምሯል። ዓምና ለሹዋሊድ እናቱ ቤት መጥቶ ነደባው ጥግ ላይ ተቀመጠና ውሃ ብቻ ጠጥቶ ሄደ። እሷም ልስጠው ብላ ፈራች፣ ልከልክለው ብላ ፈራች፤ ትሪውን ይዛ በሱ በኩል ሳታልፍ ተመለሰች። «በዓሉን ሁሉ ጓዳ ሆኜ አለቀስኩ» አለችኝ። «ሚዛኑን ያስላኩት ለዚህ ነው። ግራሙን እኔ እሰጥሻለሁ፣ ቁጥሩን አንቺ አውጪልኝ።»

ደብተሬን አወጣሁ። ስሌቱ ቤታችሁም ልትሠሩት የምትችሉት ነው። አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ካሎሪ ይሰጣል፣ አንድ ግራም ስብ 9። (እኛ በተለምዶ ካሎሪ የምንለውን ሳይንሱ ኪሎ ካሎሪ ይለዋል፤ አትደናገሩ።) ስለዚህ ስኳሩ 2,000፣ ኮርን ፍላወሩ 600፣ ቅቤው 1,800፣ ለውዙ ወደ 850። ትሪው በሙሉ 5,250 ካሎሪ መጣ። ሲስተር እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ትሪውን በሙሉ ማን ይበላል?» አልኳት። «በስንት ትቆርጪዋለሽ?»

«እንደ ዱሮው ከሆነ ሃያ።»

«ሠላሳ አድርጊው።»

በሠላሳ ሲካፈል አንዱ ቁራጭ 175 ካሎሪ ነው፤ ስኳሩ 17 ግራም፣ ስታርቹ ሲጨመርበት ወደ 22 ግራም። ይህ ግማሽ እንጀራ ውስጥ ካለው ያነሰ ነው። ለማነጻጸር አንድ ሌላ ነገር አሰላሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ቡናው ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ ስኳር ቢገባበት 24 ግራም ይሆናል። ሐላዋውን የምንፈራ ሰዎች ሦስቱን ስኒ ሳናስበው እንጠጣለን! እኔ የዚያን ዕለት ቡናዬን ያለ ስኳር ጠጣሁ። መጀመሪያ ይመራል፤ በሦስተኛው ስኒ ምላስ ይለምዳል።

ለልጇ የተስማማነው እንዲህ ነው። ማታ እራት ላይ ግማሽ እንጀራ ይቀንሳል። ሐላዋውን በባዶ ሆድ ሳይሆን ከእራት በኋላ፣ አንድ ቁራጭ ብቻ፣ ለስላሳ ሳይጠጣበት ይበላል። መድኃኒቱን እንደታዘዘው ይውጣል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላም በራሱ ማሽን ስኳሩን ይለካል። ይህ ለእሱ የሠራ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ወይም ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ቤት ካለ የራሱን ሐኪም ሳይጠይቅ አንድ ቁራጭም አይሞክር።

ከእራት በፊት የኔን ድርሻ ቀደም ብዬ መክፈል ፈለግሁ። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 175 ካሎሪ ለማቃጠል በደኅና እርምጃ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መሄድ አለበት። የጀጎል ግንብ ዙሪያው ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድ ቁራጭ ሐላዋ አንድ ዙር ጀጎል ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ግንብ የካሎሪ መለኪያ ሲሆን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሲስተርና እኔ በውጭ በኩል ዞርነው። በአንደኛው በር በኩል ሴቶች ቲማቲምና ሎሚ መሬት ላይ ዘርግተዋል፤ በሌላው በኩል አህዮች እንጨት ተሸክመው ይገባሉ። ፀሐይዋ ስትወርድ ድንጋዩ ማር ይመስላል። ጉልበቷን የሚያማት ሲስተር ሦስት ጊዜ አረፈች፤ ሦስቱንም ጊዜ ከምታውቃቸው ሰዎች ጋር ለማውራት ነው የቆምኩት አለች። ከመንገደኛው ግማሹን ያዋለደችው እሷ ስለሆነች ማመኻኛ አታጣም።

ማታ ልጇ መጣ። እናቱ ትሪውን ይዛ ስትመጣ እንደ ዓምናው ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። «ተቆጥሯል፣ ልጄ» አለችው፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እሱ እኔን አየኝ፤ እኔ ደብተሩን አሳየሁት። አንዱን ቁራጭ አንስቶ በጥርሱ ቀስ አድርጎ ቆረጠ። አንዷን ቁራጭ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ሳይፈጅበት አልቀረም። እኔም የራሴን እንደዚያው በላሁ። ቅቤውና ሄሉ ምላስ ላይ ይቀልጣል፣ ለውዙ ከኋላ ይመጣል፤ በጥድፊያ የሚበላ ሰው ለውዙን ብቻ ነው የሚያገኘው።

ከውጭ ከበሮውና ጭብጨባው ይሰማ ነበር፤ ወጣቶቹ ለሹዋሊድ ወጥተዋል። እኛም እናያለን ብለን ነበር፤ ግን ማንም ከነደባው አልተነሳም። ሁለት ሰዓቱ ሲሞላ ልጇ ጣቱን ወግቶ ማሽኑን ዘረጋልን። 162። ከምግብ በኋላ ከ180 በታች ከሆነ ይበቃል። ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ቁጥሩን ራሷ አነበበችው፤ ከዚያ ማሽኑን ተቀብላኝ እንደገና አነበበችው። ልጇ «እማ፣ ያው ነው፣ አይቀየርም» ብሎ ሳቀ።

ስመለስ ለልጅ ልጆቼ ስድስት ቁራጭ በፕላስቲክ ዕቃ ቋጠረችልኝ። ክዳኑ ላይ፣ ድሮ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንደምንጽፈው፣ በወፍራም እስክሪብቶ «ሐላዋ፤ አንዱ 175፤ ለአንድ ሰው በቀን አንድ» ብላ ጻፈችበት።