ለመስቀል ወይስ ለሰኞ?

ባለቤቴ ፕራዶ ይላል፤ እኔ ክሮስኦቨር እላለሁ። ክርክሩ ከተጀመረ 7 ወር ሆኖታል። በመሐል ሁለት ጊዜ ተኮራርፈናል፤ አንድ ጊዜማ ሽማግሌ ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር። ሽማግሌ የምላችሁ ታላቅ ወንድሙን ነው፤ እሱ ደግሞ ላንድክሩዘር ስለሚነዳ ገለልተኛ ሊባል አይችልም። ቀልዱን ትተን፣ ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ያለችንን ቪትዝ ሸጠን፣ በትዳራችን ያጠራቀምነውን ጨምረን፣ የጎደለውን ከባንክ ተበድረን ነው የምንገዛው። የራሳችን ቤት ገና ስለሌለን በሕይወታችን ትልቁ ግዢ ይኸው መሆኑ ነው።

ደላላ ዘንድ ስትሄዱ ሁለቱም “ኤስዩቪ” ናቸው። ሁለቱም ከፍ ይላሉ፣ ሁለቱም ጎማቸው ትልቅ ነው፣ ሁለቱም ከፊት ሲታዩ የተቆጡ ይመስላሉ። ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው። ፕራዶ፣ ላንድክሩዘርና ፎርቹነር እንደ አይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ አላቸው፦ ሁለት ረጃጅም ብረቶች በተሻጋሪ ብረቶች ተያይዘው መሰላል ይመስላሉ፤ ሞተሩና ካምቢዮው እዚያ ላይ ይታሰራል፤ ቦዲው ለብቻው ተሠርቶ ከላይ በብሎን ይቀመጣል። ድስት ጉልቻ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። እነ ራቭ ፎርና ቱሳን ግን ሻንሲ የላቸውም። ወለሉ፣ ምሰሶውና ጣሪያው አንድ ላይ ተበይዶ ራሱን በራሱ ይሸከማል፤ እንደ ሞሶብ እግሩም ሆዱም አብሮ የተሰፋ ነው። በአሠራሩ የኮሮላ ዘመድ ነው፤ ቁመት ተጨመረለት እንጂ።

“ቪታራ ጠንካራ ናት” የሚሉ አጎቶች አሉኝ። የድሮዋን ከሆነ ልክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣችው ቪታራ ባለ ሻንሲ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የምትመረተው ግን ክሮስኦቨር ናት። ሥጋው ሲለወጥ ስሙ አልተለወጠም፤ በእኔ ሙያ፣ በማርኬቲንግ፣ እንዲህ ያለ ስም ትልቅ ሀብት ነው። በተቃራኒው ያቺ ትንሿ ጂምኒ እስከ ዛሬ ባለ ሻንሲ ናት። ስለዚህ መኪናውን ከግዝፈቱ አትፍረዱት፤ ሥሩን አሳዩኝ በሉ።

ባለቤቴ ፕራዶ ሲል የሚያስበው መስቀልን ነው። የቸሃ ልጅ ነው፤ እናቱ ከእንድብር ወዲያ ባለው ቀዬ ይኖራሉ። መስቀል ለጉራጌ ምን ማለት እንደሆነ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ መርካቶ ሱቁን ዘግቶ የሚወጣበት ሰሞን ነው። መንገዱ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ እስከ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ነው፤ ከዚያም እስከ እንድብር የሚያሳስብ ነገር የለም። የሚያሳስበው ከዋናው መንገድ ከወጣን በኋላ ያለው የመጨረሻው 9 ኪሎ ሜትር ነው። መስከረም 17 ክረምቱ ወጥቷል ይባላል እንጂ ጭቃው አልወጣም። ቪትዛችንን ሁልጊዜ ወልቂጤ ወንድሙ ግቢ አቁመን በእሱ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ነው የምንገባው። ቀዬው ከደረስን ወዲያ ደግሞ ያ ባለ ሣር ጀፎረ ተዘርግቶ ይጠብቀናል፤ ከአትላስ ጀርባ ካሉት የኮብልስቶን መንገዶች እጥፍ ድርብ ይሰፋል።

በዚያ 9 ኪሎ ሜትር ላይ ባለቤቴ ትክክል ነው፤ አልከራከረውም። አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲወጣ መጠማዘዙን የሚችለው ሻንሲው ነው፤ ለዳገቱም ረዳት ማርሽ አለው። ክሮስኦቨር ግን እንዲህ ያለውን መንገድ የሚችለው በራሱ ቦዲ ነው። ብዙዎቹም የሚነዱት በፊት ጎማ ብቻ ነው፤ ቁመታቸውን ያየ ሰው ግን ፎር ዊል ናቸው ብሎ ይምላል። የሆዳቸው ከፍታ እንኳ የሚወራለትን ያህል አይራራቅም። የፕራዶው ከመሬት 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የብዙዎቹ ክሮስኦቨሮች ከ17 እስከ 20 ይደርሳል። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ጣት ነው፤ አምስት ሰው፣ የዘይት ጀሪካንና ብርድ ልብስ ሲጫን ደግሞ ሁሉም ዝቅ ይላል።

እኔ ክሮስኦቨር ስል የማስበው ሰኞን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ትልቋን ትምህርት ቤት፣ ትንሿን መዋያ፣ ከዚያ እኔን አትላስ ቢሮ፣ እሱን ሃያ ሁለት። ርቀቱ አጭር ነው፤ መንዳቱ መቆምና መነሳት ብቻ ነው። ለዚህ ከ2 ቶን በላይ ብረት በናፍጣ እያስነሱ ማስቆም አለ? የአፓርታማችን ምድር ቤት መግቢያ ላይ የተሰቀለው ብረት ከፍታው 2 ሜትር ነው። ፕራዶ ባዶውን 1 ሜትር ከ90 ያህል ይረዝማል፤ ፖርቶ መጋላ ሲታሰርበት ውጭ ሊያድር ነው ማለት ነው። በዓመት አራት ቀን ለሚነዳ ጭቃ 361 ቀን መክፈል ይሉታል ይህን። የመኪና ማስታወቂያ ላይ ጭቃ የሚረጨውም ለዚሁ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ሰልፍ ይዞ የቆመ መኪና ማን ይገዛል?

የባለቤቴ ሁለተኛ መከራከሪያ ከመጀመሪያው ይጠነክራል። “ፕራዶ መኪና አይደለም፣ ብር ነው” ይላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አገር ውስጥ ያለው ባለ ሻንሲ መኪና በቁጥር አይጨምርም፤ ፈላጊው ግን አልቀነሰም። እሱ ዓይኑን የጣለበት ፕራዶ ከ10 ዓመት በላይ የተነዳ ነው፤ ሆኖም እኛ ካየነው አዲስ የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨር በዋጋ ይበልጣል። ቢዝነስ የተማርኩ ሰው ነኝና ይህን አላጣጥለውም። ግን በየቀኑ ነዳጅ የሚጠጣ፣ ኢንሹራንስ የሚበላ፣ አንድ ጊዜ ከተጋጨ ዋጋው የሚወርድ ቁጠባ በምን ሒሳብ ቁጠባ ይባላል? ደግሞም የልጆቼ ማመላለሻ እንዳይጫር እየተሳቀቅኩ የምነዳው ንብረት እንዲሆን አልፈልግም።

ክልከላው ምርጫችንንም አጥብቦታል። ዛሬ አዲስ ሆነው የሚገቡት እነ ቢዋይዲ ሶንግና ቮልስዋገን አይዲ 4 የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨሮች ናቸው። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ እነሱም ወደ 2 ቶን ይጠጋሉ፤ ባትሪው የሚቀመጠው ደግሞ ወለሉ ሥር፣ ድንጋይ በሚነካው ቦታ ነው። በጣም ውዱ ዕቃ እዚያ መሆኑ ያሳስበኛል። ፋብሪካው የሚጽፈውን ርቀት በተመለከተ ሩቡን ቀንሼ ነው የማስበው። እንደዚያም ሆኖ ወልቂጤ ያደርሰናል፤ ለመመለሻው ሌሊቱን ወንድሙ ቤት ቻርጅ ማድረግ ነው።

እኔን ያስወሰነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ እሑድ የሥራ ባልደረባዬ ፕራዶዋን ግቢያችን አቆመች። ሞተሩ እንደጠፋ መሪው ላይ ተቀመጥኩና የ3 ዓመቷን ልጄን ከፊት ለፊት አቆምናት። አልታየችኝም። ከኮፋኖው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሄድ የፀጉሯ ጌጥ ብቅ አለ። ከኋላ በኩል ስናደርገው ለመታየት ከዚያ እጥፍ ርቃ መሄድ ነበረባት። ክሮስኦቨርም ይህ ችግር የለበትም አልልም፤ ኮፋኖው ዝቅ ስለሚል ግን ያንሳል። ካሜራ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ሌንሱ በክረምት ጭቃ እንደሚለብስ ግን አትርሱ። እኛ ግቢ ቅዳሜና እሑድ ከ10 የማያንሱ ሕፃናት በመኪኖቹ መሐል ኳስ ይጫወታሉ። መኪና ልትገዙ ከሆነ ይህን ሙከራ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቁልፉን ይዛችሁ ሞክሩት።

አማቴ በየ3 ወሩ ለስኳር ክትትል አዲስ አበባ ይመጣሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሃርድቶፑ ላይ የሚወጡት አንዱ ከላይ እየሳበ ሌላው ከታች እየደገፈ ነው፤ ክብራቸውን የሚነካ ነገር ስለሆነ ሲወጡ ማንም እንዳያይ ነጠላቸውን ይሸፍናሉ። የክሮስኦቨሩ ወንበር ወገብ ላይ ነው፤ በጎን ተቀምጠው እግራቸውን ማዞር ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ባለቤቴ ስለ አዲሱ መኪና በስልክ ሲያጫውታቸው ስሙንም ዋጋውንም አልጠየቁም። “መወጣጫ አለው?” አሉት። የለውም ሲላቸው “ተመስገን” አሉ።

ቢሆንም ባለቤቴ መልስ ነበረው። ካቻምና ነሐሴ ላይ እናቱ ሌሊት ታመው ወልቂጤ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው ባለ ሻንሲ መኪና ነው። ክሮስኦቨር በዚያ ሌሊት አይገባም ነበር። በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ሳምንት ዝም ብለን ከረምን። በመጨረሻ ያልኩት ይህን ነው፦ ያን ሌሊት ያወጣቸው መኪና ወልቂጤ የነበረው ነው። አትላስ ምድር ቤት የቆመ ፕራዶ 155 ኪሎ ሜትር አቋርጦ እስኪደርስ ምን ይጠብቃቸዋል? ጭቃውን የሚችለው መኪና መኖር ያለበት ጭቃው አጠገብ ነው። ወንድሙ ግን ዋጋ ወጣለት ብሎ ሃርድቶፑን ሊሸጠው ደላላ ማነጋገር ጀምሮ ነበር።

እናም ክሮስኦቨሩን ቀብድ ከፈልንበት። ፕራዶ ብንገዛ ኖሮ ከምናወጣው ከቀረልን ገንዘብ ላይ ለሃርድቶፑ 4 አዲስ ጎማ፣ የኋላ ባሊስትራና የፍሬን ሸራ ልንገዛ ተስማምተናል፤ ወንድሙም እናታቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ ላይሸጠው ቃል ገብቷል። ሽማግሌው በዕርቁ ተጠቃሚ ሆኖ ወጣ ማለት ነው። ጎማዎቹ ተገዝተዋል። ባሊስትራውን ባለቤቴ ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ሄዶ ይፈልገዋል።