ከመድረክ ስወርድ

ባለፈው ዓመት ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና ልመለስ መናኸሪያ ስገባ ረዳቱ «ሆሳዕና! ሆሳዕና! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ጉባኤ ላይ ሳገለግል ስለ ሰነበትኩ ድምፄ ዘግቷል። የሰበክኩት፣ ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፣ ስለ ምስክርነት ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠው ሃያ ዓመት የሚሞላው የማይመስል ልጅ ነው። ትንሽ ቦርሳ ጭኑ ላይ ይዟል። «ወዴት ነህ ልጄ?» አልኩት። «ደቡብ አፍሪካ» አለኝ፣ ገበያ የሚሄድ ይመስል። በእኛ አካባቢ ይህ መልስ ማንንም አያስደነግጥም፤ ወንድም ወይም የወንድም ልጅ እዚያ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። አባቱ በሬ ሸጠው፣ አጎቱ ተበድረው ነው የሚሄደው። ቦርሳውን የያዘበት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም አየሁት። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ በቆሎ ዋጋ አወራን። ሆሳዕና ስንደርስ «እግዚአብሔር ይከተልህ» ብዬው ወረድኩ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

ለምን ዝም አልኩ? የሚያስረኝ የለም፣ የሚገርፈኝ የለም። የፈራሁት «ደግሞ እዚህም ሊሰብክ ነው» እንዳልባል ነው። በከተሞቻችን ቤተ ክርስቲያን በየሰፈሩ አለ፤ እሑድ ድምፅ ማጉያው ከቤት ድረስ ይገባል። ስለዚህ «ሁሉም ሰምቷል» ብለን እንቀመጣለን። ለእኛ ለሐዲያና ለከምባታ አማኞች ከዚህ የተመቸ መሸሸጊያ የለም።

ወንጌል ወደ አካባቢያችን የመጣው ግን እንዲህ አልነበረም። ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1928 ከአዲስ አበባ በበቅሎ ሲወጡ ሐሳባቸው ጅማ ነበር፤ ሆሳዕና፣ ሶዶና ሲዳማ ቀሩ። ጥቂት ዓመት እንደ ሠሩ ጣሊያን ገባና ሚስዮናውያኑ እንዲወጡ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1937 ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ነው። በእኛም በኩል ትተዋቸው የሄዱት ጥቂት አማኞች በዝተው ጠበቁአቸው። ይህን ያደረገው የነገረ መለኮት ምሩቅ አይደለም (እኔ ምሩቅ ነኝ፣ ታዩታላችሁ)። አብዛኞቹ ማንበብ እንኳ የማይችሉ ገበሬዎች ነበሩ። በገበያ መንገድ፣ በለቅሶ ቤት፣ እርሻ ላይ ለጎረቤታቸው ተናገሩ፤ ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ሲፈቱም ተናገሩ።

እነርሱ አይፈሩም ነበር ማለቴ አይደለም። ጳውሎስ ራሱ በሰንሰለት ሆኖ የኤፌሶንን ሰዎች የለመናቸው አፉን በድፍረት ይከፍት ዘንድ እንዲጸልዩለት ነው (ኤፌ. 6፥19-20)። ደፋር ሰው ድፍረት አይለምንም። ከዚያ ጉዞ በኋላ እኔም መለመን ጀመርኩ፤ ለሕዝብ ሁሉ ሳይሆን ለአንድ ሰው፣ ለጸጉር አስተካካዬ።

ስምንት ዓመት ሙሉ እርሱ ዘንድ ተቆርጫለሁ። ስለ ኳስም ስለ ኑሮ ውድነትም ተጫውተናል። አንድ ማክሰኞ መቀሱን ሲያነሳ፣ ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ «ስለ ጌታ ኢየሱስ ምን ታስባለህ?» አልኩት። ወዲያው አፈርኩ። እጁን አቆመና በመስታወቱ አየኝ።

«ፓስተር፣ ይህን ለመጠየቅ ስምንት ዓመት ፈጀብዎት?»

ከዚያ ነገረኝ። ድሮ መዘምራን ውስጥ ነበር። አባቱ ሲሞቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንድም ሰው ለቅሶ አልደረሰም፤ እርሱም አልተመለሰም። ልከራከረው ይዳዳኝ ነበር፤ ሽማግሌዎች ሥራ ይበዛባቸዋል ልለው። አላልኩም። «ይቅር በለን» አልኩት። ዝም ብሎ ቆረጠኝ። ስከፍለው ግን «ሐሙስ ባለቤቴ ሆስፒታል ትገባለች፤ ቀዶ ጥገና አለባት። ይመጣሉ?» አለኝ።

ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው እያየን፣ ጮክ ብለን ጸለይን። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ባለቤቱ ደህና ናት። እርሱ እስከ ዛሬ ወደ ጉባኤ አልመጣም። ብቻ እኔ ስገባ ሬዲዮኑን ዝቅ ያደርጋል፤ የሚጠይቀው አለው፣ አንዳንዱን ልመልስለት አልቻልኩም።

ስሙን ያልጠየቅኩትን ያንን ልጅ ግን በጸሎታችሁ አስቡልኝ።