የደረጃው ብረት እና የሠራተኛው ደመወዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የተዋሕዶ ልጆች! በቤታችሁ የላላ የደረጃ መደገፊያ ብረት ካለ «ነገ ይደርሳል» አትበሉ። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ቤት የሚሠራ ሁሉ ሰው ወድቆ እንዳይሞትበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። እንግዲህ ብረቱን ማስጠገን ከፍቅረ ቢጽ ይቆጠራል።

ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ አምበር በመጣሁ ጊዜ የደረጃችን ብረት ብየዳው ለቆ ነበር። አያቴ ለኪዳን ማልደው ሲወጡ የሚደገፉት እርሱን ነው። በያጅ ጠራን፤ ዝገቱን ፈግፍጎ በየደው፣ ቀለምም ቀባው። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ክፍያ ላይ አንድ ጎረቤት «ለቀጥቃጭ ይህን ያህል ብር?» አሉ። አያቴ መልስ አልሰጡም፤ የተስማሙበትን ቆጥረው ሰጡት፤ እጁንም አስታጥበው ከእኛው ጋር በአንድ ትሪ አበሉት።

የእጅ ባለሙያን መናቅ የቆየ በሽታችን ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ጌታችንም በናዝሬት «ጸራቢ» ተብሎ ተንቋል። መከታውን ያዘዘው ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 24 የድሀውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ እንድንከፍል ያዝዛል። መከታውን አሠርቶ ደመወዙን የሚያጎድል፣ ሠሪውንም የሚሰድብ፣ ትእዛዙን በግማሽ ብቻ ፈጸመ።

ስለዚህ ዋጋውን ከሥራው በፊት ተስማሙ፤ ከሥራው በኋላ አትከራከሩ፤ በዕለቱ ክፈሉ፤ ባለሙያውንም በስሙ ጥሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።