የሐፊሩ ጋኔን

የዚህች ጽሑፍ አዘጋጆች ለዚህ እትም ስለ ውኃና ስለ ባሕር የሚያስፈራ አጭር ልብ ወለድ እንድጽፍ ቢጠይቁኝ፣ እሺ ብዬ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ሦስት ሌሊት አመሸሁበት። ባሕር በዓይኔ አይቼ ስለማላውቅ ሰባት ራስ ያለው አውሬ ፈጠርሁና መርከብ አስዋጥሁት። ለጎረቤቶቼ ባነብላቸው ሳቁብኝ። አልፈርድባቸውም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሐምዳይት ላይ ተከዜን የተሻገረ ሰው፣ በዚያው ዓመት ክረምትም ሰቲት አስከሬን ይዞ ሲወርድና የወድ ሒሌው አካባቢ ሰዎች እያወጡ ሲቀብሩ የሰማ ሰው፣ ሰባት ራስ ያለው አውሬ ምኑ ያስፈራዋል?

ስለዚህ ልብ ወለዱን ቀድጄ በራሴ የደረሰውን እጽፋለሁ።

ውድ አንባቢ፣ የገዳሪፍን ምድር ታውቀዋለህ። በበጋ ዋልካው እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ሎሪ አስሮ ያስቀራል። ያገሩ ሰው ለበጋ የሚሆነውን ውኃ የሚያጠራቅመው በሐፊር ነው፤ ይኸውም ተቆፍሮ አፈሩ በዙሪያው የተከመረ፣ የዝናብ ጎርፍ እየገባ የሚሞላው ትልቅ ኩሬ ነው። ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ጥልቀቱ አይታይም። ዳሩ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያዳልጣል፤ የገባ ልጅ ለመውጫ የሚጨብጠው ሥር እንኳ አያገኝም።

በእኛ መደዳ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ማታ ማታ ልጆቹን ሰብስበው፣ በሐፊሩ ውስጥ ጋኔን እንዳለ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ከውኃው ብቅ ብሎ በእናት ድምፅ ስም እየጠራ እንደሚወስድ ይነግሯቸው ነበር። የአገር ቤቱን ጋኔነ ቀትር ይዘውት ተሰደው እዚህ አሰፈሩት ማለት ነው። ልጆቹም በቀትር ወደዚያ ዝር አይሉም ነበር።

እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኝ። አንድ ቀን በዳሱ ሥር ለተማሪዎቼ «ጋኔን የሚባል ነገር የለም፤ ውኃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው» አልኋቸው። አልፌ ተርፌም የእማማን አነጋገር እያስመሰልሁ አሳቅኋቸው። ልጆቹ ሲስቁ ዕውቀት ድንቁርናን ያሸነፈ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ፣ በቀትር፣ ጩኸት ሰማን።

ሮጬ ስደርስ ከውኃው መካከል አንዲት ትንሽ እጅ ብቅ ትልና ትጠልቃለች። ዋና አልችልም። ዳር ቆሜ ስጮህ እማማ ከኋላዬ እያለከለኩ ደረሱ፤ በእጃቸው ባዶ ጀሪካን ይዘዋል። «ክዳኑን ግጠመው! ገመድ እሰርበት!» አሉኝ። የአንዱን አህያ ገመድ ፈትተን አሰርንና ወረወርነው። የመጀመሪያው አልደረሰም። በሁለተኛው ልጁ ጀሪካኑን አቀፈውና ጎትተን አወጣነው። ጭቃ ውኃ ካስታወከ በኋላ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። በሳቁ ቀን ከሁሉ ይልቅ የሳቀው እሱ ነበር።

«ቲቸር፣ የለም ብለውን ነበር እኮ» አለኝ።

ማታ እማማ ዘንድ ሄድሁ። ቡና ሲያፈሉ አገኘኋቸው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብል ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ ጋኔኑ ይኑር አይኑር እኔም አላውቅ። ሐፊሩን የማጥርበት እንጨት አጣሁ፤ ባለኝ ነገር አጠርሁት» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ በተማሪነቴ ያነበብሁት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተመው ነው። ሦስት ወንድማማች ዓሣ አጥማጆች በኖርዌይ ባሕር ከታላቅ አዙሪት ይገባሉ። ሁለቱ ይጠፋሉ፤ አንደኛው ግን በርሜል መሰል ነገሮች ቀስ ብለው እንደሚሰጥሙ ልብ ብሎ ራሱን ከውኃ በርሜል ጋር ያስርና ይዘላል። በአንድ ቀን ጥቁር ጠጕሩ ነጭ ሆኖ ይተርፋል። ያኔ ያስደነቀኝ አዙሪቱ ነበር። ዛሬ የማስበው በርሜሉን ነው።

አሁን ወደ ባሕሩ ልመለስ፤ ከመካከላችን በሊቢያ በኩል ባሕሩን ለመሻገር የሚያስቡ አሉና። የተከዜ ውኃ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ወንዝ ይገባል፣ አትባራም ከዓባይ፣ ዓባይም ከሜዲትራኒያን። የተሻገርነው ውኃ ቀድሞን እዚያ ደርሷል። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ከሊቢያ የተነሣች ጀልባ ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ ሞተሯ ቆመ። የሚያያቸው ቢያጡ ብርድ ልብስ በነዳጅ ነክረው ለኰሱ። ሰዉ እሳቱን ሸሽቶ ወደ አንድ ጎን ቢያጋድል ጀልባዋ ተገለበጠች። ከ360 በላይ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አውሬ የለም። ለመታየት የተለኰሰ ብርድ ልብስ ብቻ ነው ያለው።

ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ይህን የጻፍሁት አትሂዱ ብዬ ለማዘዝ አይደለም። እዚህ መቀመጥ ምን እንደሆነ አብሬያችሁ ተቀምጬ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ደላላው ስለ ባሕሩ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ልክ እኔ ስለ ሐፊሩ እንዳወራሁት ነው፣ «ምንም የለበትም» እያለ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ከሐፊሩም በገመድ ደረስንለት፤ ወደዚያ ግን የእኛ ገመድ አይደርስም።

እማማ አሁንም ማታ ማታ ስለ ጋኔኑ ያወራሉ። እኔም ከጎናቸው እቀመጣለሁ። ተረቱ ሲያልቅ ተነሥቼ፣ ጀሪካን ክዳኑ ተገጥሞ፣ ገመድ ታስሮበት እንዴት እንደሚወረወር ለልጆቹ አሳያለሁ።